የቶርላክ ልጅ ስኩሊ

በአገሩ መድረክ ላይ ንጉሥ ሆኖ የተጫወተ ሰው ሎስ አንጀለስ መጥቶ ለአሥር ዓመት ሬሳ ሆኖ የሚተኛው ለምንድነው? ብዙ ጊዜ አስቤበት መልስ አላገኘሁለትም። ስኩሊን ራሱን ጠይቄው አውቃለሁ። «ሬሳ መሆን ቀላል መሰለህ?» ብሎ ተቆጣኝና ደረጃውን ወጥቶ ሄደ። መልስ ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ስኩሊ አይስላንዳዊ ተዋናይ ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ እኔና ጓደኛዬ አበጋዝ በምንኖርበት ሕንፃ፣ ልክ ከእኛ ክፍል በላይ ይኖር ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1976 ነው። ያኔ አርባ ስምንት ዓመቱ ነበር። ቁመቱ በየበሩ ጎንበስ የሚያሰኝ፣ ቅንድቡ ነጭ ሊባል ምንም ያልቀረው፣ እጁ ሁልጊዜ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ሰው ነው። የሚሸትበትም ምክንያት አለው፤ ፒኮ ሮበርትሰን አካባቢ ካለ ዓሣ መሸጫ ቆሞ ዓሣ እየከተፈ ነው የሚኖረው። ፊልም ሲገኝ ደግሞ ፈቃድ ጠይቆ ሄዶ ይሞታል። በራሱ ቆጠራ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሞቷል፤ አሥራ አራቱን በጀርመን ወታደር ልብስ።

ከታች የሚኖር ሰው ይህን ሙያ አይወደውም። ስኩሊ ቃል የሌለውን ሚና እንኳ ሳይለማመድ አይሄድም። ማታ መጽሐፌን ገልጬ ገና ሁለት ገጽ ሳልሄድ ከጣሪያው በላይ ድው! ይላል። ስኩሊ ተመትቶ ወደቀ ማለት ነው። ከዚያ ይነሣል። ጥቂት ይራመዳል። ድው! አንድ ጊዜ ወጥቼ በሩን መታሁና «እባክህ ስኩሊ፣ ይኸኛው ይበቃል፤ ጥሩ ነው» አልኩት። «ከየት አየኸውና?» አለኝ። «ሰማሁት» ብለው፣ «እሱ ነው ችግሩ፤ የሞተ ሰው እንዲህ አይጮኽም» ብሎ በሩን ዘጋና እስኪነጋ ሲወድቅ አደረ።

የተወለደው ከአይስላንድ ጫፍ፣ ተራራው ወደ ባሕሩ በተጎነበሰበት አንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። አባቱ ቶርላክ ይባላል። ስኩሊ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ አንድ የካቲት ቀን አባቱ ከሦስት ሰዎች ጋር በጀልባ ወጣ። አራቱም አልተመለሱም። በዚያ መንደር ክረምቱ ረጅም ስለሆነ ወጣቶች በአዳራሹ ቲያትር ያሳያሉ። በአሥራ አንድ ዓመቱ፣ ሁሉም እምቢ ያላት አንዲት የአሮጊት ሚና ቀርታ ነበርና እሷን ሰጡት። ሰዉ ሳቀ። እሱ ግን ሊያስቅ አልነበረም የወጣው፤ በጣም ተናደደ። በዚያው ንዴት ነው፣ እንደሚለው፣ ተዋናይ ሆኖ የቀረው። ዋና ከተማው ሬይክያቪክ ሄዶ ቀን ወደብ ላይ ጭነት እያወረደ ማታ ትወና ተማረ። በሠላሳ አንድ ዓመቱ ንጉሥ ሆነ፤ አንድ ሙሉ ክረምት ነገሠ። በአገሩ ሁለት ፊልም ሠራ። ከዚያ አንድ የውጭ አገር አዘጋጅ በረዶ ሊያነሣ መጥቶ አየውና «ሆሊውድ ብትመጣ ፈልገኝ» አለው። ስኩሊ መጣ፤ ፈለገው። ሰውየው አላስታወሰውም።

በስሙ የመጣው ጣጣ እዚህ ላይ ይጀምራል። አይስላንዶች እንደ እኛው ናቸው፤ የቤተሰብ ስም የላቸውም። ስኩሊ ስኩሊ ነው፤ ቶርላክሰን ማለት የቶርላክ ልጅ ማለት ነው፣ አለቀ። የስልክ መጽሐፋቸው እንኳ እንደ አዲስ አበባው በራስ ስም ተራ ነው የተጻፈው። አሜሪካኖቹ ግን ሚስተር ቶርላክሰን ካላሉት ሞተው ይገኛሉ። እሱም ሲሉት አይሰማም። አውቆ አይደለም። የመጠባበቂያ ክፍል ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠርተውት ዞር ብሎ አባቱን የሚፈልግ ይመስል በሩን ሲያይ፣ ተራው ያለፈበት ጊዜ አለ። ወኪሉ «ስምህን ስኮት ቶር በለው፤ ያማረ ስም ነው» ቢለው ለሁለት ወር አኮረፈው። ስልክ ሊያስገባ ሄዶም «በኤስ ተራ ስኩሊ ብላችሁ መዝግቡኝ» አለ። አይቻልም አሉት። «እንግዲያው ስልካችሁ ይቅርብኝ» ብሎ ተመለሰ። ሥራ በስልክ የሚጠራ ተዋናይ ስልክ የለውም! እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርገዋለህ?

ያለው የምድር ቤቱ የጋራ ስልክ ነው። የተሰቀለው ደግሞ እትዬ ሮማነወርቅ በር አጠገብ ነው። እትዬ ሮማነወርቅ ሕንፃውን የሚያስተዳድሩ፣ ባለቤታቸው ዌስትውድ ካለው ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ፣ የአዲስ አበባ ሴት ናቸው። ስኩሊ ዘጠኝ ዓመት ከዚያ ሕንፃ ያልለቀቀው በእሳቸው ምክንያት ይመስለኛል። የመጣ ዕለት ስሙን ጠየቁት፤ ነገራቸው። «የአባት ስምስ?» «ቶርላክ» አለ። «በሕይወት አሉ?» «ባሕር ወሰደው» አለ። «ነፍስ ይማር። ይግቡ፣ አቶ ስኩሊ» አሉት። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ በወጉ የጠራው ሰው አልነበረም።

ያን ዓመት በግንቦት መጨረሻ ስኩሊ ቃል ያለው ሚና ተፈተነ። አንድ አሮጌ መርከበኛ ነው፤ ሰባት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ስሙም በፊልሙ መጨረሻ ይወጣል። ከፈተናው ሲመለስ እንደዚያ ቀን ለስላሳ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ወደዱኝ፤ ይደውላሉ» አለን። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። «ይህ ካለፈኝ ግን ሌላ አይመጣም። ሃምሳ ዓመት ሊደፍን ለተቃረበ ሬሳ ማን ቃል ይሰጠዋል? ዓሣዬን እየከተፍኩ እቀራለሁ።»

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ፤ እኛንም አሳጣን። ሰባቱን ዓረፍተ ነገር እኔም በቃሌ ያዝኳቸው። ቀን ቀን ስልኩ ሥር ወንበር ይዞ ይቀመጣል፤ እትዬ ሮማነወርቅ በቆሻሻ መጥረጊያ ያስነሱታል። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ የዓሣ መሸጫው ባለቤት «ዛሬ ካልመጣህ ተሰናብተሃል» ስላለው እየተራገመ ሄደ። ስልኩ የተደወለው በዚያ ቀን ነው።

እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ። እትዬ ሮማነወርቅ አነሡት።

«ሄሎ? ማን? ሚስተር ቶርላክሰን?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንቺ ማነሽ እህቴ? ታውቂው ነበር?... ውይ። ብቻሽን ነሽ? አጠገብሽ ሰው አለ?... እንዲያው ነው የጠየቅሁሽ። እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

ከወዲያ ያለችው አልቀመጥም ያለች መሰለ።

«ኦኬ። በስልክ የሚነገር አልነበረም። በእኛ አገር መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ግን ካስጨነቅሽኝ ምን ላድርግ... አርፏል። አዎ። ባሕር ነው የወሰደው። ሲወጣማ ደህና ነበር... አይ፣ አስከሬኑም አልተገኘ። አይዞሽ፣ የኔ እናት። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ስልኩን ሰቅለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ምንድነው እትዬ?» አልኳቸው።

«የአቶ ስኩሊን አባት የምትፈልግ ልጅ ናት። መሞቱን አልሰማችም፣ ምስኪን። እንዴት እንደደነገጠች!»

«ዘመድ ትሆን?»

«የእህት ልጅ ትሆናለች። ለእሱ እንዳትነግረው፤ ቁስሉን ትቀሰቅስበታለህ።»

የማፍርበት ነገር ቢኖር፣ እኔም ምንም ስህተት አልታየኝም። ደግ ሥራ እንደ ሠሩ ቆጥሬ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ሚስተር ቶርላክሰን ሲባል እኔም ያየሁት በጀልባ የወጣውን አጥማጅ እንጂ ፎቅ ላይ የሚወድቀውን ሰው አልነበረም።

ማታ ስኩሊ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ገባ።

«ስልክ ተደውሎልኛል?»

«አልተደወለም፣ አቶ ስኩሊ።»

«ጨርሶ?»

«ለእርስዎ? ጨርሶ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በማርያም!» አሉ እትዬ ሮማነወርቅ፤ እውነታቸውን ነበር።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ አበባ መጣ። ነጭ፣ ክብ፣ ጎማ የሚያህል፣ ሐር ጥብጣብ የታሰረበት። «ለሚስተር ቶርላክሰን ቤተሰብ» ይላል። እትዬ ሮማነወርቅ ፈርመው ተቀበሉና ስኩሊን ጠሩት። የዚያን ቀን ሥራ አልነበረውም፤ እንቅልፍ ያጣ ፊት ይዞ ወረደ።

«ይኸው፣ የእህትዎ ልጅ ላከችልዎ። እንዴት ያለች ጨዋ ናት!»

«እህት የለኝም» አለ ስኩሊ፤ ካርዱን ገለጠ። አንብቦ ጨረሰና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እንደገና አነበበው።

«ማነው የሞተው?» አለ።

«አባትዎ ናቸዋ» አሉ በሐዘን።

«አባቴ ከሞተ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው!»

«አዎ፣ እሷ ግን ትናንት ነው የሰማችው...»

«እኔ ነኝ የሞትኩት!» ብሎ ብድግ አለ። «እዚህ ላይ ተጽፏል! ‹አብረነው ልንሠራ ስንዘጋጅ› ይላል። ሚናውን አግኝቼ ነበር! አግኝቼ ገደላችሁኝ!»

እትዬ ሮማነወርቅ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ከዚያ ነገሩ ገባቸው፤ ከዚያ እሳቸውም ተቆጡ።

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ያሉኝ? ‹ቶርላክሰን ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ ባሕር ውስጥ ነው በሉት፣ እሱ አባቴ ነው› እያሉ ዘጠኝ ዓመት የጮኹብኝ ማን ነው? እኔ ነኝ?»

ስኩሊ ካርዱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ብሎ ነበር፤ ሁላችንም ሰምተነዋል።

በዚህ መካከል አበጋዝ ሚድ ዊልሻየር ካለው የመኪና ማቆሚያ ሥራው ገባ። የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ይውልና የራሱን የሚያቆምበት ያጣል። ነገሩን ሲሰማ በሩን ይዞ ሳቀ።

«አትሳቅ!» አለው ስኩሊ።

«ኦኬ፣ ኦኬ፣ የኔ ሟች። ሶ ምን ትጠብቃለህ? ተነሣ፣ ሄደህ ተነሥቻለሁ በላቸው። እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ።»

ስኩሊ አበባውን አንሥቶ ወጣ። ለምን እንደያዘው አልጠየቅነውም። መኪናው ውስጥ ግን ከኋላ ከእኔ ጋር ተቀመጠ፤ አበባው ማለቴ ነው። እስክንደርስ ፊቴን ሲወጋኝ፣ ስኩሊ ከፊት ሆኖ ስለ ቀይ መብራት ሲማረር፣ አበጋዝ «እየነዳሁ አትጩህብኝ፤ ሁለተኛ ትሞታለህ» ሲል ደረስን።

ተዋናዮችን የምትመርጠው ሴት ሚስ ዳልተን ትባላለች። በሩ ሲከፈት ቀና ብላ አየችው፤ አበባውን አየች።

«ሞተሃል» አለችው።

«አልሞትኩም።»

«ትናንት ሁለት ሰዓት አልቅሻለሁ! ስብሰባ አቋርጬ! አስከሬኑ አልተገኘም ያለችኝ ሴትዮ ማን ናት?»

«አስተዳዳሪያችን ናቸው» አለ ስኩሊ፣ «ስህተት የለባቸውም። የነገሩሽ ሁሉ እውነት ነው። የሞተው ግን ቶርላክሰን... ቶርላክ ነው። እኔ ስኩሊ ነኝ።»

ሚስ ዳልተን ሁለት እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ቀረጻው ነገ ማለዳ ሳን ፔድሮ ወደብ ላይ ነው። ሌላ ሰው ተመርጧል፤ አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ይፈርማል። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። «ፈተናው ላይ ከእሱ አንተ ትሻል ነበር» አለች በመጨረሻ፤ ይህንንም የተናገረችው እንደ በደል ነው። አዲስ ወረቀት የጽሕፈት መኪናዋ ላይ አስገባች።

«ስም?»

«ስኩሊ።»

«የቤተሰብ ስም?»

«የለኝም።»

«ቶርላክሰንን ለቢሮው ሁሉ ሞቷል ብዬ በጽሑፍ አስታውቄአለሁ፤ እሱን አሁን አልነካም። ሌላ ስጠኝ።»

«ሌላ የለኝም አልኩሽ እኮ።»

«ይህን ሳጥን ምን ልሙላበት?»

«ባዶ ተዪው።»

«ባዶ ከሆነ ወረቀቱ ከዚህ ክፍል አይወጣም!»

አበጋዝ አላስቻለውም። «ስኩሊ፣ አንድ ነገር ብለህ ገላግለን። እኔን እይ፤ ዩኒቨርሲቲው ሚስተር ይመኑ ነው የሚለኝ። ይመኑ አባቴ ናቸው። አንጋፋ የጎጃም በረንዳ ነጋዴ አራት ዓመት ሙሉ ኬሚስትሪ ሲማሩ ኖሩ። አልሞትኩም!»

«አንተ ስምህ የሚጻፈው የፈተና ወረቀት ላይ ነው» አለው ስኩሊ። «የእኔ የፊልም ሸራ ላይ ነው። አባቴ በሕይወቱ አንድ ቀን አልተወነም። እሱ ያልሠራውን ሥራ በእሱ ስም አላስጽፍም።»

ይህ ክርክር ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ ጥፍሬን ጨረስኩ። በመሐል ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው መጥቶ ተቀመጠ፤ ያማረ ኮት የለበሰ፣ ጢሙ እንደ መርከበኛ የተከረከመ። ሌላኛው ተዋናይ ነው፤ ቀድሞ ደረሰ። ጉሮሮውን ጠረገ። ሚስ ዳልተን ወደ በሩ አየች፤ ስኩሊን አየች፤ ሳትጠይቀው ታታታ አድርጋ ጻፈችና ወረቀቱን መንጭቃ አውጥታ ፊቱ ጣለችው። በሁለቱም ሳጥን ውስጥ አንድ ስም ሞልታበታለች። ስኩሊ ስኩሊ።

«ወይ ፈርም፣ ወይ ያን ሰው አስገባዋለሁ።»

ስኩሊ ወረቀቱን ትክ ብሎ አየ። ሰውየው እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ። ስኩሊ ብዕሩን አነሣና ፈረመ።

ስንመለስ ግማሽ መንገድ «ስኩሊ ስኩሊ» እያለ ሲያጉረመርም መጣ። አበጋዝ አልቻለም።

«ሶ ምንድነው አሁን? አገኘኸው አይደል?»

«ስኩሊ ስኩሊ ማለት የስኩሊ ልጅ ስኩሊ ማለት ነው» አለ። «ራሴን ወለድኩ። እናቴ ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ ይህን ፊልም ብታይ ልጇ ከማን እንደተወለደ ትጠይቀኛለች። ምን ብዬ ልጻፍላት?»

ያን ሌሊት አልወደቀም፤ ሰባቱንም ዓረፍተ ነገር አልደገመም። ግን ጫማውን ሳያወልቅ ከጫፍ ጫፍ ሲመላለስ አነጋ። መውደቁ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ በማለዳ አበጋዝ ወደቡ አደረሰን። ትዕይንቱ አጭር ነው። ጀልባ ሰጥሞ አራት ሰው ጠፍቷል፤ መርማሪው መጥቶ «እነማን ነበሩ?» ይላል፤ አሮጌው መርከበኛ ይነግረዋል። በጽሑፉ ላይ ያሉት አራት የቤተሰብ ስሞች ናቸው፤ ሃንሰን፣ ኦልሰን፣ ፔተርሰን፣ ላርሰን። መቅረጫው ዞረ። መርማሪው ጠየቀ። ስኩሊ ኮፍያውን አወለቀ።

«ቶርላክ» አለ። «ኤይናር። ብያርኒ። ስቴይን።»

አዘጋጁ አስቆመ። «ምንድነው ይሄ? ጽሑፉን!»

«አሥራ አምስት ዓመት አብሮት የቀዘፈ ሰው የጓደኛውን ስም ነው የሚጠራው» አለ ስኩሊ። «ሃንሰን ብሎ የሚጠራው ፖሊስ ነው።»

እንደገና ተጀመረ። ቶርላክ፣ ኤይናር፣ ብያርኒ፣ ስቴይን። እንደገና ተቆመ። አዘጋጁ ለመነ፤ ጮኸ፤ ወንበሩን በእርግጫ አለው። አበጋዝ ጆሮዬ ላይ «ይሄ ሰውዬ በገዛ እጁ ራሱን ሊያስባርር ነው፤ ሄጄ አፉን ልያዘው?» አለኝ። እኔም በልቤ ኦልሰን በል፣ ምን አለበት ኦልሰን ብትል እያልኩ ነበር። ብርሃኑ ተለወጠ፤ ማዕበሉ መጣና ሄደ። በዘጠነኛው ጊዜ አዘጋጁ ኮፍያውን መሬት ላይ ወርውሮ «የፈለገውን ይበል! ብቻ ይበለውና ከዚህ እንሂድ!» አለ።

ስኩሊ አለው። አራቱን በዝግታ ጠራ፤ በእያንዳንዱ ስም መካከል ወደ ውኃው ያይ ነበር። ሲጨርስ አዘጋጁ ኮፍያውን አንሥቶ አራገፈና «ይሁን» አለ።

ቤት ስንደርስ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። እትዬ ሮማነወርቅ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ከትናንት ጀምሮ ከእሱ ጋር አልተነጋገሩም።

«እንዴት ሆነልዎ?» አሉት፣ እንደመኮረፍ ብለው።

«ተናገርኩ» አለ። «ሰባቱንም። ያስገቡት ይቁረጡት አላውቅም።»

«ምን ብለው ተናገሩ?»

ደረጃው ላይ ተቀመጠና ለእሳቸውም ጠራላቸው። «ቶርላክ» ሲል «ነፍስ ይማር» አሉ። «ኤይናር» ሲል «ነፍስ ይማር» አሉ። በብያርኒም፣ በስቴይንም እንዲሁ። ከዚያ ክንዱን ያዙ።

«ሁሉም ከአባትዎ ጋር የወጡ ናቸው?»

«ሁሉም።»

«እንግዲህ ይበቃል፣ አቶ ስኩሊ። ይሂዱ ይተኙ።»

«ፊልሙ ላይ ስሜ ስኩሊ ስኩሊ ተብሎ ነው የሚወጣው» አለ፤ አሁንም እየተናደደ።

«ቢወጣ ምን ይሆናል? አባትዎን ጠርተው የለ?» አሉና ገፋ አደረጉት።

እያጉረመረመ ወጣ። ከጣሪያችን በላይ አንድ ጫማ ሲወድቅ ሰማን፤ ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛው። አልጋው ሲጮኽ ሰማን። አበጋዝ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልተሰማም። ፀሐይዋ ገና ፌርፋክስ ላይ ነበረች፤ ሰዓቱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ።